የካፒቴኑ ብርጭቆና የአክስቴ ሻሜታ

ስልክ ሲጮህ ደስ ይለኝ ነበር። ይህን መጀመሪያ ልናገርና ይውጣልኝ። ሆሳዕና ተቀምጬ በአካባቢ ጤና ባለሙያነት በሠራሁባቸው ዓመታት ሁሉ፣ "እዚህ ቀበሌ ሰዎች በተቅማጥና በትውከት ወድቀዋል" የሚል ድምፅ በሰማሁ ቁጥር ልቤ ይዘል ነበር፤ ከፍርሃት ሳይሆን ከጉጉት። ሰው ታሞ ደስ ይላል ወይ ትሉኝ ይሆናል። አይልም። ደስ የሚለኝ ፍለጋው ነው። አንድ ጉድጓድ ወይም አንድ ባልዲ ውስጥ የተደበቀ ነገር አለ፤ እሱ ሰው ሳይጨርስ እኔ ልደርስበት ነው። ቦቲዬን ተጫምቼ ፒክአፑ ላይ ስወጣ የሃያ ዓመት ልጅ ነበርኩ፤ ባለፈው ዓመት ጡረታ እስከወጣሁባት ሳምንት ድረስ።

ጡረታ ስወጣ ንብረት አስረከብኩ። ቦቲው፣ የመርጫው ፓምፕ፣ የክሎሪን መስፈሪያው፣ ሁሉም ቅጽ ላይ ሰፈረ። የንብረት ክፍሉ ሠራተኛ አንዲት ትንሽ የፕላስቲክ ዕቃ አገላብጦ አየና "ይቺ አርጅታለች እትዬ ዘሃራ፣ ይያዟት" አለኝ። ያቺ ዕቃ የክሎሪን መለኪያዬ ናት። ውሃ ሞልተው እንክብል ይጥሉባታል፤ ውሃው ክሎሪን ካለው ሮዝ ይሆናል፣ ከሌለው እንደነበረ ይቀራል። እኔ ያንን ሮዝ ቀለም የወደድኩትን ያህል የሠርግ ልብሴን እንኳን አልወደድኩም። ዛሬ የምጽፈው ውሃው ሮዝ አልሆን ስላለባት አንዲት ቀን ነው፤ ግን ከጋሼ ሀብተአብ መጀመር አለብኝ።

ጋሼ ሀብተአብ የመጀመሪያ አለቃዬ ነበሩ። ከሰሜን የመጡ፣ ቀጭን፣ ቤት ውስጥ እንኳን ኮፍያቸውን የማያወልቁ ሰው። በወጣትነታቸው ምጽዋ ወደብ ላይ፣ በድሮው ከተማ፣ የኳራንቲን ሠራተኛ ነበሩ። ሕመምተኛ የጫነ መርከብ ሲመጣ እሳቸው በጀልባ ሄደው ላዩ ላይ ወጥተው ውሃውንና ምግቡን ካልመረመሩ ማንም ወደ ከተማ አይወርድም ነበር። እኔ ባሕር አይቼ አላውቅም። አባቴ የጭነት መኪና ሹፌር ነበር፤ ያየሁት ትልቁ ውሃ ክረምት ላይ የሞላ ወንዝ ነው። ጋሼ ሀብተአብ ስለ መርከብ ሲያወሩ አፌን ከፍቼ እሰማ ነበር።

ኪሳቸው ውስጥ ጠመኔ አይጠፋም። የመረመሩት በርሜልና እንስራ ላይ ሁሉ ቀኑን ይጽፉበታል። ሕመምተኛ ሲያነጋግሩ "ምን አመመህ?" ብለው አይጀምሩም፤ "ትናንት ምን ጠጣህ? ማን ቀዳልህ?" ብለው ነው። እኔ መጀመሪያውን ጠይቄ ሁለተኛውን ስዘል ደብተሬን በጣታቸው መታ መታ ያደርጉታል። "ማን ቀዳልህ? እሱን ካልጻፍሽ ምንም አልጻፍሽም።" ከሁሉም የሚገርመኝ ግን የማስታወሻ ደብተራቸው ነበር። የትም ከተማ ሲገቡ ቁጥር አንድ ብለው የሚመረምሩት እሳቸው ራሳቸው ያረፉበትን፣ የሚበሉበትንና የሚጠጡበትን ቤት ነው።

ዱራሜ አንድ አልጋ ቤት ያረፍን ጊዜ ሻንጣቸውን ሳያስቀምጡ ጣሪያ ላይ ያለው ታንከር ጋ ወጡ። ባለቤቱ ከታች ቆሞ "ጋሼ፣ እኛ እኮ የምንታወቅ ሰዎች ነን!" ይላል። ከላይ ድምፅ የለም። ትንሽ ቆይተው የሞተች ድመት በጅራቷ ይዘው ወረዱ። እኔ ደግሞ በዚያው ውሃ ፊቴን ታጥቤ፣ ጥርሴን ፍቄ፣ ምሳ ልበላ ተቀምጬ ነበር። ጋሼ ሀብተአብ ሳቁብኝ፤ ባለቤቱ ግን ከዚያ በኋላ መንገድ ላይ ሲያየን ይሻገር ነበር።

"ጋሼ፣ ለምን ሁልጊዜ ከራስዎ ማረፊያ ይጀምራሉ?" አልኳቸው በዚያ ቀን።

"መርከብ ላይ ስንወጣ ካፒቴኑ እጃችንን ይዞ ወደ መርከበኞቹ በርሜል ይወስደናል" አሉኝ። "እኛ ግን መጀመሪያ ራሱ የሚጠጣበትን ብርጭቆ እናያለን። የመርከበኛውን ጉድ ሁሉም ይነግርሻል። የካፒቴኑን ግን ማንም አይነግርሽም።"

ጨዋታ መሰለኝ። ስቄ አለፍኩት። ሰው አንዳንድ ነገር የሚገባው ዋጋ ከፍሎበት ነው።

ከዚያ በኋላ ሞርሲቶ ተመደብኩ፣ ቀጥሎ ጊምቢቹ፣ ኋላም ተመልሼ ሆሳዕና። ደመወዙ ከወር ወር አያደርስም ነበር፤ ሪፖርቱ ደግሞ አያልቅም። ሪፖርት የሚወድ አለቃ ነበረኝ፣ ስብሰባ የሚወድ አለቃ ነበረኝ፣ አንዱ ደግሞ ምንም የማይወድ ነበር፤ እግዜር ይስጠው፣ እሱ ነው ያሠራኝ። ሰዉ "ዘሃራ ክሎሪን" እያለ ይጠራኝ ጀመር። ሠርግ ቤት ስገባ ሴቶቹ "ድስቱን ክደኑ፣ ክሎሪን መጣች!" ይላሉ። እኔም እስቃለሁ፤ ግን ድስቱን አየዋለሁ።

ጡረታዬ ሦስት ዓመት ሲቀረው፣ ክረምቱ ገና ሳይወጣ፣ ቅዳሜ ጠዋት ስልኩ ጮኸ። ከጃጁራ አለፍ ብላ ካለች ትንሽ የገበያ ከተማ ነው። ስሟን አልጽፍም፤ ሰዎቿ ያውቋታል። የጤና ጣቢያው ኃላፊ ትንፋሹ ቁርጥ ቁርጥ ይላል። "እትዬ ዘሃራ፣ የሩዝ ውሃ የሚመስል ተቅማጥ ነው። ከትናንት ጀምሮ እየመጡ ነው። ኮሌራ እንዳይሆን ፈራሁ።"

"ተጠርጣሪ በል" አልኩት ቦቲዬን በአንድ እጄ እየሳብኩ። "እስኪረጋገጥ ተጠርጣሪ ነው። ናሙና ያዝ፣ ሰዉን ለይ፣ የኦአርኤስ ብጥብጥ አጠጣ። መጣሁ!"

ያቺን ከተማ አውቃታለሁ። አክስቴ ረሂማ የምትኖርባት ናት። እናቴ ልጅ ሳለሁ ሞታ ያሳደገችኝ አክስቴ ረሂማ ናት፤ ያስተማረችኝም በሻሜታ ነው። የተቆላ የገብስ ዱቄት፣ ተልባ፣ ጨው፣ ሚጥሚጣ፣ ካለፈው የተረፈ እርሾ፤ በውሃ በጥብጣ ታሳድረዋለች፣ ጠዋት ኮምጠጥ ብሎ ይነሳል። አያሰክርም፣ ምግብ ነው፤ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ጠጥቶት ይውላል። ሐሙስ ገበያ ላይ የረሂማን ሻሜታ ያልጠጣ ገበያ ሄድኩ አይልም ነበር። ገበያው ላይ የምትዘረጋው ያ ዳስ የእሷ ስም ነው፣ ቤቷ ነው፣ ኩራቷም ነው።

ስደርስ ትምህርት ቤቱ ግቢ ውስጥ ድንኳን ተተክሏል። ወይ ያ ቀን! መግቢያው ላይ የእግር መንከሪያ ክሎሪን አስቀመጥን፣ መሐላቸው የተቀደደ አልጋዎችና ከሥራቸው ባልዲ ደረደርን፣ ገመድ ወጥረን የሕመምተኛውንና የጤነኛውን መንገድ ለየን። ናሙናው በሞተር ሳይክል ሆሳዕና፣ ከዚያ ወደ አዲስ አበባ ሄደ። ክሎሪን ለማመላለስ ጋሪ ስንፈልግ ላምቤቦ የሚባል ባለጋሪ ሳንጠራው መጣ። ጎልማሳ፣ ትከሻው ሰፊ፣ አፉ የማያርፍ ሰው። "እትዬ ክሎሪን፣ አህያዬንም ሕዝቤንም በአንድ ሽታ ጨረሱት እኮ!" ይለኛል። የከተማውን ምንጭ፣ የቦኖ ውሃውን፣ የሆቴሎቹን በርሜል፣ ሁሉንም ከእሱ ጋር እየዞርኩ አከምኩ። መለኪያዬን ባወጣሁ ቁጥር ላምቤቦ አንገቱን አስግጎ ያያል። ሮዝ ሲሆን "ኧረ ሰርግ ነው!" ብሎ ያጨበጭባል።

ያረፍኩት አክስቴ ቤት ነው። ሌላ የት አርፋለሁ? ማታ ደክሞኝ ስገባ ሻሜታዋን በትልቅ ጣሳ ታቀርብልኛለች፤ ወፍራም፣ ማንኪያ የሚያቆም። ደብተሬን ጭኔ ላይ ዘርግቼ ጠጣሁት። ጓሮዋ ውስጥ የራሷ የውሃ ጉድጓድ አለ፤ በእንጨት ክዳን ተከድኖ፣ ላዩ ላይ ንጹሕ ጀሪካን ተቀምጦበት። በዓይኔ አየሁት። "የአክስቴ ቤት ነው፣ እሷ ንጹሕ ናት" አልኩ። ደብተሬ ላይ ቁጥር አንድ ብዬ የጻፍኩት የከተማውን ምንጭ ነው።

ሕመምተኞቹን ራሴ ነበር የማነጋግረው፤ ሀዲይኛ ለሚቀናው በሀዲይኛ፣ አማርኛ ለሚቀናው በአማርኛ። "ሐሙስ ምን ጠጣህ?" "ውሃ።" "ማን ቀዳልህ?" ዝም። ወይ "እኔው ቀዳሁ።" አንዷ ሴት ልትናገር አፏን ከፈተችና ባሏ ሲያያት መልሳ ዘጋችው። ደካማ ናት ብዬ አለፍኳት። ይህን ዛሬ ስጽፍ ራሴን በጥፊ ልመታው እፈልጋለሁ።

እስከ ረቡዕ ሕመምተኛው ቀነሰ። አልጋዎቹ ባዶ መሆን ጀመሩ። እኔ በደስታ ልበር ደርሻለሁ። ረቡዕ ከሰዓት የወረዳው ኮሚቴ ተሰብስቦ "ነገ ገበያው ይዋል ወይስ ይዘጋ?" ብሎ ጠየቀኝ። ሁሉም ዓይን እኔ ላይ ነው። ተነሥቼ "ውሃችሁ በሙሉ ሮዝ ነው። ይዋል!" አልኩ። አጨበጨቡልኝ። እንደ ጋሼ ሀብተአብ ጠመኔ በኪሴ የምይዝ ሰው፣ ያን ጭብጨባ ጭንቅላቴን ዝቅ አድርጌ ተቀበልኩት።

ዓርብ ድንኳኑ ሞላ።

ላምቤቦ ዓርብ አልመጣም። ሥራ በዝቶበት ነው ብዬ በሌላ ጋሪ ሠራሁ። ለካ ቤቱ ታሞ ተኝቶ "ይለቀኛል" እያለ ነበር። ቅዳሜ ጠዋት ሚስቱ ታደለች በራሱ ጋሪ ላይ ጭና አመጣችው። ዓይኑ ጎድጉዷል፣ ያ ሰፊ ትከሻ ተሸማቋል፣ የእጁ ቆዳ ሲቆነጠጥ ተመልሶ አይገባም። ነርሶቹ በሁለቱም ክንዱ የደም ሥር ፈለጉ። አንዱ ተገኘ፣ ጉሉኮሱ መውረድ ጀመረ። አየኝና ከንፈሩን አንቀሳቀሰ። ቀልድ ሊናገር ፈልጎ ነበር፣ እርግጠኛ ነኝ። ሳይናገረው ሞተ።

ብዙ ሰው ሲሞት አይቻለሁ፤ ይሄኛው ግን አንጀቴን ቆረጠው። ለአንድ ሳምንት ከጎኔ ሳይለይ ከተማዋን ያጠበልኝ ሰው ነው። ወጥቼ ከድንኳኑ ጀርባ ቆምኩ። ታደለች እዚያ መሬት ላይ ተቀምጣለች። አታለቅስም፤ ጉንጯን ይዛ አፈሩን ታያለች። አፌ ላይ የመጣው የጋሼ ሀብተአብ ጥያቄ ብቻ ነው።

"ታደለች፣ ሐሙስ ምን ጠጣ? ማን ቀዳለት?"

ቀና ብላ አየችኝ። 

"እንዴት ብዬ ልንገርዎት?" አለች። "ሰው ሁሉ ያውቃል። ለእርስዎ ማን ደፍሮ ይነግራል? አክስትዎ ናቸው እኮ። እሳቸው ጋ ነው የጠጣው። ያለፈው ሐሙስ የታመሙትም እዚያ ነው የጠጡት።"

ያኔ ነው የካፒቴኑ ብርጭቆ የገባኝ። ከተማው ሙሉ በይሉኝታ አፉን ዘግቶልኝ ነበር። ሰው እየወደቀ፣ እየተዋከበ፣ የእኔን ፊት ላለማሳፈር "ውሃ ነው የጠጣሁት" አለኝ። ሌላ ሰው ቢጠይቃቸው ይናገሩ ነበር። አክስቴ ቤት አርፎ፣ የአክስቴን ሻሜታ ጠጥቶ፣ በአክስቴ ቀበሌ እየዞረ የሚጠይቅ ሰው ግን እኔ ብቻ ነበርኩ።

ሮጥኩ። እውነት እላችኋለሁ፣ ቦቲዬን እንደተጫማሁ በከተማው መሐል ሮጥኩ። አክስቴ ጓሮዋ ውስጥ ገብስ ታበጥራለች። ሰላም ሳልላት የጉድጓዱን ክዳን ገፍቼ ውሃ ቀዳሁ፣ መለኪያዬን ሞላሁ፣ እንክብሉን ጣልኩበት። ወዘወዝኩት። ጠበቅሁ። ውሃው እንደነበረ ቀረ። ሌላ እንክብል ጣልኩ። አሁንም እንደነበረ ነው።

"ምን ሆነሽ ነው ዘሃራ?"

"ክሎሪን እንድታደርጊበት የጤና ኤክስቴንሽኗ አልሰጠችሽም?"

"ሰጥታኛለች" አለች ወንፊቱን እያስቀመጠች። "የምን ክሎሪን! ሻሜታውን ይገድለዋል። እርሾው አልነሳም አለኝ፣ ሽታውም ገበያተኛ ያባርራል። አንቺ ደግሞ እዚሁ ተቀምጠሽ ስትጠጪ ነው የከረምሽው፤ ምን ሆንሽ?"

"እኔን ምን ሰጥተሽኝ ነው? እንዴት አድርገሽ ነው የምትቀጂልኝ?"

"ከእንስራው ነዋ! ለቤት ሰው ወፍራሙን ነው።"

"ለገበያተኛውስ?"

ወንፊቱን መልሳ አነሣች። ከዚያ ዝቅ ባለ ድምፅ "ለገበያተኛው ይቀጥናል" አለች። "ሁሉም ያቀጥናል፣ እኔ ብቻ አይደለሁም። እዚያው ዳሱ ላይ ከጀሪካኑ ውሃ ጨመር አደርግበታለሁ።"

ወፍራሙ ሌሊቱን ሲኮመጥጥ አድሮ ስለሆነ ጀርሙን ያዳክመዋል። ጠዋት ከጉድጓዱ ተቀድቶ እላዩ ላይ የሚጨመረው ጥሬ ውሃ ግን እንዳለ ወደ ሰው ሆድ ይገባል። የአጥሯን ሽቦ አሻግሬ ወደ ጎረቤት ግቢ አየሁ። የሚከራዩት ክፍሎች መጸዳጃ ቤት በዝናቡ ተደርምሷል፤ ከጉድጓዷ ያለው ርቀት ጥቂት እርምጃ ነው። አንድ ሳምንት ሙሉ እዚህ ቤት ስተኛ ያቺን አጥር አንዴም አሻግሬ አላየሁም።

ነገርኳት። ማለስለስ አልቻልኩም፤ ጊዜም የለም። "አክስቴ፣ ላምቤቦ ሞቷል። ሐሙስ ካንቺ ጠጥቶ ነው።"

መጀመሪያ ተቆጣች። ከልጅነቴ ጀምሮ ያየሁት ቁጣ ነው። "ዓይኔ እያየ በእጄ ያሳደግኩሽ ልጅ የከተማ መሣቂያ ልታደርጊኝ ነው? ይህን ሁሉ ዘመን ስቀዳ ማንን ገደልኩ?" ከዚያ ስሙ ገባት። "ላምቤቦ? ባለጋሪው ላምቤቦ?" አለች። ተቀመጠች። ሻርፗን አፏ ላይ ይዛ "ሁለት ጣሳ ነው የሰጠሁት" አለች። "የሁለተኛውን ሂሳብ አልተቀበልኩትም፣ ለአንቺ ስለሚሠራ ብዬ ነው ያጠጣሁት።"

እኔ ያሰብኩት ጉድጓዱን አሽጌ፣ ዳሱን ዘግቼ፣ ስሟን ሪፖርት ላይ ጽፌ መሄድ ነው። እሷ ግን ብድግ አለች። ያን ፊት አልረሳውም። "ሐሙስ ከኔ የጠጡትን ሁሉ አውቃቸዋለሁ" አለችኝ። "ማን አንድ፣ ማን ሁለት እንደጠጣ አውቃለሁ። ተነሽ። ደብተርሽን አውጪ።"

ወላሂ፣ በሥራ ዘመኔ ሁሉ እንደዚያ ያለ ከሰዓት ገጥሞኝ አያውቅም። የእኛ ሥራ እኮ ስም ፍለጋ ነው፤ ከሰው አፍ በጉትጎታ የምናወጣውን ስም አክስቴ እንደ ዱዓ ታወርደዋለች። ልብስ ሰፊው ከድር፣ ሁለት ጣሳ። የቅቤ ነጋዴዋ፣ ግማሽ ጠጥታ ለእህቷ ሰጠቻት። ሁለቱ መምህራን፣ አንዱ ተልባው በዛ ብሎ ተወው። ከቤት ወደ ቤት እየሮጥን ገባን። በየበሩ እሷ ናት የምትቀድመው፤ "ሐሙስ ከኔ የጠጣችሁት ውሃው መጥፎ ነበር። አፉ በሉኝና ተነሡ፣ ድንኳን ግቡ" ትላለች። እኔ አንድ ሳምንት ለምኜ ያላገኘሁትን መልስ እሷ በአንድ ዓረፍተ ነገር አገኘችው። ልብስ ሰፊው ከድር ከጨርቁ ክምር ሥር ተኝቶ ነበር፤ ገና መጀመሩ ነው። ኦአርኤሱን አፉ ላይ ይዛ ያጠጣችው ራሷ ናት።

"ሹፌሩ!" ብላ መሐል መንገድ ላይ ቆመች። "የኤፍኤስአር ጭነት መኪናው ሹፌር፣ ዛሬ ወደ ሆሳዕና ይወጣል!" ወደ መናኸሪያው በባጃጅ በረርን። መኪናው ሞተር አስነሥቶ ሊወጣ ነው። አክስቴ በዚያ ዕድሜዋ ከፊቱ ሄዳ ሁለት እጇን ዘርግታ ቆመች። ሹፌሩ ጥሩንባ ነፋ፤ አልተንቀሳቀሰችም። በሩን ከፍቶ ሲወርድ እግሩ እየተብረከረከ ነው። ያን ሰው ጃጁራ ሳይደርስ መንገድ ላይ ነበር የምናጣው።

የቀሩት ሁለት የጊምቢቹ ሴቶች ነበሩ፤ ሐሙስ ዕለቱን ወደ ቤታቸው ተመልሰዋል። አክስቴ ስማቸውን አታውቅም፤ ግን "አንዷ አረንጓዴ ሻርፕ ለብሳለች፣ የጤፍ ነጋዴ ናት፣ ሌላዋ ምራቷ ናት፣ እርጉዝ ናት" አለች። ጊምቢቹ ሠርቼ የለ! ደወልኩ። የማውቃት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ሳልጨርስላት "አውቄአቸዋለሁ!" ብላ ስልኩን ዘጋችብኝ። ከዚያ ያለው ጥበቃ ከሩጫው ይብሳል። አክስቴና እኔ ድንኳኑ በር ላይ ድንጋይ ላይ ተቀምጠን ስልኬን እናያለን። ሲጮህ አንድ ላይ ዘለልን። "ተገኝተዋል! ምራቷ ወድቃ ነበር፣ ጉሉኮስ ላይ ናት፣ ተናገረች!" አክስቴ "አልሃምዱሊላህ" ብላ ራሷን ትከሻዬ ላይ ጣለች። ከላምቤቦ በኋላ ማንም አልሞተብንም።

የላብራቶሪው ውጤት ኋላ መጣ፤ ኮሌራ ነው። ሪፖርቱን ስጽፍ ስሟን ልትተዪው ትችያለሽ ያሉኝ ነበሩ። ጻፍኩት። ከሥሩ ደግሞ የራሴን ስህተት ጻፍኩ፤ ያረፍኩበትን ቤት አለመመርመሬን፣ ዘመዴ ባለችበት ከተማ ራሴ መጠየቄን፣ ገበያው ይዋል ማለቴን። አለቃዬ "ይሄ አስፈላጊ ነው?" አለኝ። አስፈላጊ ነው አልኩት።

ሆሳዕና ስመለስ ጋሼ ሀብተአብ ቤት ሄድኩ። ዓይናቸው ደክሟል፣ ኮፍያቸው ግን እዚያው ነው። ሁሉንም አወራኋቸው፤ እያለቀስኩ ነው የጨረስኩት። ሲሰሙኝ ቆዩና "እኔስ የካፒቴኑን ብርጭቆ ማን ያስተማረኝ መሰለሽ?" አሉኝ። "አንዱን መርከብ ሳልመረምር አሳልፌዋለሁ። ካፒቴኑ የቤታችን ወዳጅ ነበር።" ከዚያ በላይ አልጠየቅኋቸውም። በዚያው ዓመት አረፉ።

አክስቴ ጉድጓዷን አስደፈነች። የቦኖ ውሃ አፍልታ፣ አቀዝቅዛ፣ በእሱ መበጥበጥ ጀመረች፤ እርሾው ይነሳል። የጣሳ ማጠቢያዋን በክሎሪን አደረገች። ግን ማን ይጠጣ? በየሐሙሱ ዳሷን ትዘረጋለች፣ እንስራዋን ታቆማለች፣ አግዳሚዎቹን ትጠርጋለች፤ ሰዉ ሰላም ብሏት ያልፋል። ሲመሽ እንስራውን ራሷ ተሸክማ ትመለሳለች። "ተዪው አክስቴ፣ እኔ እጦርሻለሁ" ስላት "እንጀራ አጥቼ መሰለሽ?" ትለኛለች። የምትጠብቀው ማንን እንደሆነ ሁለታችንም እናውቃለን፤ ስሟን ግን አንጠራም።

ጡረታ የወጣሁ ሳምንት ሐሙስ ሄድኩ። አጠገቧ አግዳሚው ላይ ተቀምጫለሁ። ከገበያው መሐል ታደለች መጣች። ጋሪውን አሁን እሷ ናት የምትነዳው፤ አህያውን እንጨት ላይ አሰረችና ዳሱ ውስጥ ገባች። አክስቴ ቆመች።

ታደለች አግዳሚው ላይ ተቀመጠች። "መለኪያዎ አለ?" አለችኝ።

አወጣሁ። ከማጠቢያው ባልዲ ቀድቼ እንክብሉን ጣልኩበት። እጄ ላይ ቀስ እያለ ሮዝ ሆነ። ታደለች አንገቷን አስግጋ አየችው፣ ልክ እንደ እሱ። ከንፈሯን ነከሰች።

"ይቅዱ" አለቻት አክስቴን። "መጀመሪያ ለእሳቸው።"

አክስቴ ከእንስራው ቀዳች። ተቀበልኩና ገበያው እያየኝ ጠጣሁ። ሳልጨርሰው ታደለች እጇን ዘረጋች፤ ከእኔው ጣሳ፣ የተረፈውን ልትጠጣ። አፏ ጋ አድርሳ ቆም አለች።

"ወፍራም ነው" አለች።

"አላቀጥንም" አለች አክስቴ። እንባዋ ይወርዳል። "ከዚያ ወዲህ ለማንም አላቀጥንም።"

ታደለች ጠጣችው፣ ጣሳውን ገለበጠችና ድጋሚ እንድትቀዳላት ዘረጋችላት።

ወደ ቤት ስመለስ አዲስ ደብተር ገዛሁ። ሥራ የለኝም፣ ሪፖርት የሚጠብቅ አለቃም የለኝም። የመጀመሪያው ገጽ ላይ ግን "ቁጥር አንድ" ብዬ ጻፍኩ፣ ከጎኑ "የራሴ ቤት" አልኩ፣ ተነሥቼም የውሃ በርሜሌን ክዳን ከፈትኩ።